ከባዶ ሰማይ የወደቀው ሰው

ሟቹ የተገኘው ቀይ ጠጠር ላይ በጀርባው ተንጋሎ ነው። ከበላዩ ሰማይ ብቻ ነበር። ዛፍ የለም፣ ግድግዳ የለም፣ የተደገፈ መሰላል የለም። ሐኪሙ ግን ሁለት ጊዜ ተንበርክኮ ካየው በኋላ ጉልበቱን እያራገፈ ተነሣ።

«ይሄ ሰው ወድቋል» አለ። «ከሦስተኛ ፎቅ የወደቀ ሰው ነው እንዲህ የሚሰባበረው።»

«ከየት ነው የወደቀው?» አለች ሳጅን ዳሲል ብሪቶ።

«እሱን አንቺ ንገሪኝ።»

ዳሲል ቀና ብላ አየች። የሰኔ ሰማይ ነው፤ አንዲት ቁራጭ ደመና የለበትም። ደመናው ሁሉ ከተራራው በታች ተነጥፎ ደሴቱን ሸፍኗል። ከሟቹ አሥራ ስምንት እርምጃ ርቆ አንድ የብረት ማማ ቆሟል፤ ከማማው አጠገብ ደግሞ የተራራው ሰዎች በአጭሩ «ሳህኗ» የሚሏት መሣሪያ አለች። ሁለት መቶ መስታወት ተሸክማ በክብ ሐዲድ ላይ የምትዞር ትልቅ ሳህን ናት። ከሞቱ ከዋክብት የሚመጣ ጋማ የሚባል ጨረር አየሩን ሲመታ፣ ዓይናችን የማይደርስበት ሰማያዊ ብልጭታ ይፈጠራል። ያንን ብልጭታ ሰብስባ ከፊቷ ለተሰቀለው ካሜራ ታቀብላለች። ካሜራው አሥራ ስድስት ሜትር ከፊቷ፣ በብረት ክንዶች ጫፍ ላይ ተይዟል። ሥራዋ ሌሊት ነው። ሲነጋ ፊቷን ወደ ሰሜን ታዞራለች፣ የካሜራው ክዳን ይዘጋል፣ እንዳትዞር የሚይዛት ቁልፍ ብረት ይገባባታል። ፀሐይን ፊት ለፊት እንድታይ አይፈቀድላትም፤ ካየች የእርሳስ ብረት ታቀልጣለች።

የሞተው እነዚያን መስታወቶች የነደፈው ሰው ነው፤ ዶክተር አንሰልም ቪደኪንድ ይባላል፣ የስልሳ አንድ ዓመት ጀርመናዊ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ለቁርስ ሲቀር፣ ምግብ ቤቱን የያዙት ዶኛ ኤውፌሚያ ሊጠሩት ወጥተው ነው ያገኙት።

ዳሲል የሟቹን እጆች ገለጠች። ጥፍሮቹ ተሰባብረዋል። የጣቶቹ ውስጥ ውሃ ቋጥሯል።

«ገመድ ልጦት ነው» አለ ሐኪሙ።

«ቅንድቡንም ገመድ ነው የላጠው?»

ሐኪሙ ጎንበስ አለ። የቀኝ ቅንድቡ ጫፉ ተጠቅልሎ ቡናማ ሆኗል። ዳሲል የሸሚዙን የደረት ኪስ ተመለከተች፤ ቁልፉ ተፈትቷል፣ ውስጡ ባዶ ነው፣ ግን ጨርቁ ለዓመታት ደብተር የተሸከመ ኪስ እንደሚሆነው አራት ማዕዘን ሆኖ ወጥቷል።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ሻምበል ኪንታና ነበር።

«ሳህኗን የሚያንቀሳቅሰውን ቴልሞን ያዝሽው?»

«ይዤዋለሁ። ዕቃ ቤት ነው ያለው።»

«ትናንት በሰው ፊት ‹ከዚህ ማማ እወረውርሃለሁ› ብሎታል። ሌሊቱን ሳህኗ ላይ የነበረው እሱ ነው። ከማማው ገፍቶ ጣለው፣ በመኪናው ጭኖ ወዲያ ወሰደው፣ አለቀ። በማታዋ ጀልባ ወደ ቴኔሪፌ ደሴት እስር ቤት ይሻገራል።»

«አሥራ ስምንት እርምጃ ለመውሰድ መኪና? ጭኖ ከወሰደውስ ለምን ሜዳ ላይ ይጥለዋል? ገደሉ እኮ እዚያው ነው።»

«ዳሲል፣ የሰፈርሽ ልጅ መሆኑን አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቶሎ በይ የምልሽ። ጀልባዋ አንድ ሰዓት ላይ ትነሣለች፤ ከዚያ በፊት ሌላ ስም ካላመጣሽልኝ እሱ ይሄዳል።»

ስልኩን ዘጋችው። ቴኔሪፌ የተሻገረ ሰው ምርመራው እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ሊቀመጥ እንደሚችል ታውቃለች። ለሁለት ዓመት የታሰረ ሰው ነፃ ሆኖ ሲመለስ እንኳ መንደሩ ነፃ እንደማያደርገውም ታውቃለች።

ቴልሞ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ የቅባት በርሜል ላይ ተቀምጦ ነበር። የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እጆቹ በካቴና።

«መጣሽ ደግሞ?» አላት። «በስድስት ዓመቴ እርሳስሽን ሰርቄሻለሁ፤ እሱንም ጻፊው።»

«ቀልዱን ተወውና ንገረኝ። ስንት ሰዓት ላይ ነው ያቆምካት?»

«አሥራ አንድ ተኩል፣ ገና ጨለማ እያለ። ፊቷ ሰሜን፣ አሥር ዲግሪ ቀና፣ ክዳኑ ዝግ፣ ቁልፍ ብረቱ ገብቷል። ኮምፒውተሩ ላይ አለልሽ።»

«ለምን አሥር ዲግሪ?»

«ካሜራው ከማማው መድረክ ጋር እኩል የሚሆነው በዚያ ከፍታ ብቻ ነው። ሰው በማማው ወጥቶ ካሜራውን ይነካል፣ ያጸዳል፣ ይለካል።»

«ከዚያ በኋላ ማን ሊያዞራት ይችላል?»

«ከኮምፒውተሩ ካዞሯት ይመዘገባል። ከታች ግን የእጅ መቆጣጠሪያ አለ፣ ሳጥን ውስጥ ተሰቅሎ። እሱ አይመዘግብም። ግን ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚያዞራት፤ ከፍና ዝቅ አያደርጋትም።»

«ሳጥኑ ቁልፍ አለው?»

«እዚህ ተራራ ላይ ማን ይሰርቀናል?»

«አንተስ የት ነበርክ?»

«አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ በሩን ወጣሁ። ሳህኗን ሊያዩ የሚመጡትን ኮሚቴዎች ከአውሮፕላን ላመጣ ነው የተላክሁት፤ ዘበኛውን ጠይቂው።» አንገቱን ደፋ። «ሰውዬው አንድ ብሎን ላላ ብሎ ሰነፍ አለኝ። ተናድጄ ተናገርኩ። እንግዲህ በተናገርኩት ነው የምሰቀለው?»

ዳሲል ዘበኛው ዘንድ ሄዳ መዝገቡን አየች። ቴልሞ እንዳለው ነው፤ አንድ ሰዓት ከሃያ። ግን ሐኪሙ ሰውዬው የሞተው ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ነው ብሏታል። ቴልሞ ገድሎት ሊወጣ ይችላል። መዝገቡ አላዳነውም።

ዶክተር ዲትማር ክሌስ የተቀበላት በቢሮው ነው። የሳህኗን ብረት፣ ክንዶቿንና ሞተሯን የነደፈ ሰው ነው። ቀጭን፣ ጨዋ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ስትገባ ከጠረጴዛው ላይ ደቃቅ ፊደል የታተመበት ወረቀት ያነብ ነበር፤ ያለ መነጽር።

«ይቀመጡ፣ ሳጅን። ምን ልርዳዎት?»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«አልጋዬ ላይ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተኛሁ፤ የነቃሁት በዶኛ ኤውፌሚያ ጩኸት ነው።» ተነፈሰ። «ሰው መክሰስ አልወድም። ግን ማማው ላይ ወጥተው የካሜራውን ክዳን ይዩት። ፀሐይ አቃጥላዋለች። ቴልሞ ሳህኗን ወደ ምሥራቅ እንዳየች ትቷት ነበር ማለት ነው። አንሰልም ይህን ሲያይ ምን እንደሚል ያስቡት።»

«መቼ ይመስልዎታል የተቃጠለው?»

«ፀሐይ ስትወጣ ነዋ። አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ ትወጣለች። ተጣሉ፣ ያ ነገር ሆነ፣ ከዚያ ቴልሞ ሳህኗን ወደ ቦታዋ መልሶ ሄደ።»

«አሥር ደቂቃ ውስጥ?»

«ተናዶ የሚገድል ሰው ሰዓት አይፈልግም» አለ ክሌስ በትህትና።

ዳሲል ማማውን ወጣች። ከመድረኩ መደገፊያ ብረት ላይ የብረት መለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ አፉ መደገፊያውን ነክሶ፣ ገላው አየር ላይ እየተወዛወዘ። ከመድረኩ ፊት ለፊት የካሜራው ነጭ ክዳን አለ፣ ከሰው ቁመት ይሰፋል። ክዳኑ ላይ እንደ ጣት የወፈረ ጥቁር መስመር ወደ ላይ ሸርተት ብሎ ተሰምሯል። የተቃጠለ ቀለም ይሸታል። ጣቷን አስኬደችበት። መስመሩ ከክዳኑ ጠርዝ አይጀምርም፤ ከመሐል ነው የሚጀምረው። የሚያልቀውም ጠርዝ ሳይደርስ ነው፣ በድንገት፣ በመቀስ እንደተቆረጠ። በታችኛው የብረት ከንፈር ላይ ደግሞ ቀለሙ በጥፍር ተፍቋል። በግራ አራት ጭረት፣ በቀኝ አራት ጭረት።

ወደ ታች አየች። ከዚህ በታች ያለው የማማው እግር ነው፤ ሬሳው ግን ወዲያ፣ ወደ ምሥራቅ ነው። ሳህኗ ብትዞር ይህ ካሜራ የት እንደሚደርስ በዓይኗ ክቡን ተከትላ ለካችው። ለካችውና መደገፊያውን ጨብጣ ትንሽ ቆመች።

የመስመሩን ርዝመት በሟቹ ሜትር ለካች። ስድሳ አምስት ሴንቲ ሜትር።

ካሜራውን የነደፈችው ዶክተር ኦርሶላ ቤንቬኑቲ ከታች ጠበቀቻት። ከፓዱዋ የመጣች ጣልያናዊት ናት፤ ሲጋራዋን ሳትለኩስ በጣቶቿ ታሻሸዋለች።

«እኔንም ይጠረጥሩኛል አይደል? ቪደኪንድ ካሜራሽ ከባድ ነው፣ ይቀየር ይል ነበር። ሁሉም ያውቃል።»

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«መቆጣጠሪያው ክፍል፣ ብቻዬን። ምስክር የለኝም።»

«ይገድሉት ነበር?»

«በየሳምንቱ!» ኦርሶላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ጠፋ። «ጨቅጫቃ ነበር። ግን የዘጠኝ ዓመት ሥራዬን ለፀሐይ ሰጥቼ አልገድለውም። ክዳኑ ባይኖር ካሜራው ዛሬ አመድ ነበር።»

«ክዳኑ ላይ ያለው ስድሳ አምስት ሴንቲ ሜትር መስመር በምን ያህል ጊዜ ይሰመራል?»

ኦርሶላ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አሰበች። «ፀሐይ ስትሄድ የብርሃኗ ነጥብም ክዳኑ ላይ ይሄዳል። አሥራ ስድስት ሜትር ርቀት ላይ... በደቂቃ ስድስት ሴንቲ ሜትር ተኩል።»

«እንግዲያው አሥር ደቂቃ።»

«አሥር ደቂቃ» አለች ኦርሶላ፣ እንደ መገረም ብላ እያየቻት። «ትምህርት የት ነው የተማሩት?»

«እስከ ስምንተኛ ክፍል፣ ማሶ መንደር ውስጥ። ሟቹ ኪሱ ውስጥ ምን ነበር የሚይዘው?»

«አረንጓዴ ደብተሩን! አብሮት ይተኛል እንላለን። ትናንት እራት ላይ እሱን መታ መታ አድርጎ ‹ነገ ለኮሚቴው አንድ ነገር አለኝ› አለ። ኮሚቴው አራት ተጨማሪ ሳህኖች በዚሁ ንድፍ ይሠሩ ብሎ ሊፈርም ነበር የሚመጣው።»

«እራቱ ላይ ማን ነበር?»

«እኔ፣ እሱና ክሌስ። ቴልሞ የእኛን ወጥ አይወድም፤ በሶ የመሰለ ጎፊዮውን ይዞ ውጪ ነው የሚበላው።»

ከሰዓት በኋላ ዳሲል ምግብ ቤት ገብታ ተቀመጠች። ሦስት ሰዓት ነው የቀራት። ዶኛ ኤውፌሚያ የፍየል አይብና ዳቦ አቀረቡላት፤ አልበላችም።

«ብዪ እንጂ ልጄ። አንቺም እንደዚያ ምስኪን ልትታመሚ ነው?»

«የትኛው ምስኪን?»

«ዶክተር ክሌስ። ለጓደኛው አልቅሶ አልቅሶ ዓይኑ ደም መስሏል። ምሳም አልበላ። መጋረጃውን ዝጉልኝ፣ ብርሃን ወጋኝ፣ አሸዋ የገባብኝ ይመስለኛል አለኝ። ድንች በስሱ ቆርጬ ዓይኑ ላይ አደረግኩለት።»

ዳሲል የያዘችውን ቢላ አስቀመጠች። «ድንች ለልቅሶ ነው እንዴ?»

«ለልቅሶማ አይደለም። ባሌ መርከብ ሲበይድ ዓይኑን ሲያቃጥለው የማደርግለት...» አሮጊቷ አቋረጡ። አፋቸውን በመሃረባቸው ያዙ።

«ዶኛ ኤውፌሚያ፣ የባልዎት ዓይን የሚያመው እዚያው ሲበይድ ነበር?»

«የለም። ያኔማ ምንም አይለው። ስድስት ሰባት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚነሣበት፤ እቤት ከገባ በኋላ።»

ዳሲል ተነሣች። «አይቡን ያስቀምጡልኝ» አለች። ወደ ውጪ ወጥታ መጀመሪያ ለሻምበሉ ደወለች፤ ቀጥላ ለዳኛው ደወለችና የአንድ ክፍል ፍተሻ ፈቃድ ለመነች።

ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ማማው ሥር ተሰበሰቡ። ሻምበል ኪንታና ጀልባዋን እያሰበ ሰዓቱን ያያል። ቴልሞ በካቴናው ቆሟል። ኦርሶላ አሁንም ሲጋራዋን አልለኮሰችም። ዶኛ ኤውፌሚያ ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ክሌስ ጥቁር መነጽር አድርጎ መጣ፤ ከመነጽሩ ሥር እንባው ይወርዳል። ሳህኗ ከኋላቸው ፊቷን ወደ ሰሜን አድርጋ ዝም ብላለች፤ መስታወቶቿ ውስጥ ሁሉም ተገልብጠው ይታያሉ።

«አጠር አድርጊው» አለ ሻምበሉ።

«ሬሳው ካለበት ቦታ እንጀምር» አለች ዳሲል። «ደሙ አንድ ቦታ ብቻ ነው የፈሰሰው፤ ስለዚህ ማንም አልጫነውም። እዚያው ነው የወደቀው። ከበላዩ ምንም የለም፤ አሁን የለም። ጠዋት ግን ነበር።» ክንዷን ዘርግታ ከማማው ወደ ምሥራቅ ክቡን አሳየች። «ሳህኗ ስትዞር ካሜራው እዚያ ይደርሳል። ልክ ከሬሳው በላይ።»

«በእግዚአብሔር!» አሉ ዶኛ ኤውፌሚያ።

«ሰውዬው መድረኩ ላይ ቆሞ፣ ከመደገፊያው ወጣ ብሎ የካሜራውን ክንድ ይለካ ነበር። ሜትሩ አሁንም እዚያ ነክሷል። ከታች ያለ ሰው ቁልፍ ብረቱን ነቅሎ በእጅ መቆጣጠሪያው ሳህኗን አዞራት። ሰውዬው ሚዛኑን ሳተ፤ የካሜራውን ከንፈር ጨበጠ። አብሯት ሄደ፣ ተንጠልጥሎ። የስምንቱ ጣቶቹ ጭረት ክዳኑ ሥር አለ። ጮሆም ይሆናል፤ እዚህ ላይ ማን ይሰማል? ያዞራት ሰው ግን አላቆመም። ፊቷ ፀሐይ ላይ እስኪያርፍ ድረስ መቆጣጠሪያውን ተጫነው። ያኔ ብረቱ ጋለ። ጣቶቹ ውሃ የቋጠሩት፣ ቅንድቡ የተለበለበው ለዚህ ነው። ለቀቀ።»

ነፋስ የማማውን ሰንሰለት ነካክቶ አለፈ።

«ይህ ሁሉ ቴልሞን አያድነውም» አለ ሻምበሉ። «መቆጣጠሪያውን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።»

«ትክክል» አለ ክሌስ በቀስታ። «ቴልሞ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ፣ ፀሐይ ስትወጣ...»

«ዶክተር፣ እርስዎ ፀሐይ ስትወጣ መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ሲነጋ የምትተኙ ሰዎች ናችሁ። መጋረጃ ትዘጋላችሁ። ፀሐይ ለእናንተ የሥራ ማብቂያ ናት እንጂ ሌላ ምንም አይደለችም። እኔ ያደግኩት ሙዝ እርሻ ውስጥ ነው። አባቴ ሰዓት አልነበረውም። የውሃ ተራችን ፀሐይ ከባሕሩ አንድ ጭብጥ ከፍ ስትል ነበር።» እጇን ዘርግታ ጨበጠችና ባሕሩ መስመር ላይ አስቀመጠችው። «አንድ ጭብጥ አሥር ዲግሪ ነው ትለኛለች ዶክተር ቤንቬኑቲ። እዚያ ለመድረስ በሰኔ ሃምሳ ደቂቃ ይፈጅባታል። የእጅ መቆጣጠሪያው ደግሞ ሳህኗን ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚያዞራት፤ ቴልሞ እንዳቆማት አሥር ዲግሪ ቀና እንዳለች ነው የዞረችው። ገና ከባሕር የወጣች ፀሐይ እንዴት አድርጋ ክዳኑ መሐል ትገባለች?»

«ዝቅ አድርጓት ከሆነስ?» አለ ክሌስ።

ኦርሶላ ቀድማ መለሰች። «ዝቅ የምትለው ከኮምፒውተሩ ብቻ ነው፤ ይመዘገባል። ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ የተመዘገበ የለም። ደግሞ ልጨምርልህ፣ ዲትማር። ሳህኗ ተትታ ፀሐይ ራሷ መጥታባት ቢሆን ኖሮ መስመሩ ከክዳኑ ጠርዝ ገብቶ በሌላው ጠርዝ ይወጣ ነበር። ይሄኛው መሐል ተጀምሮ መሐል ያልቃል። ፀሐይ ከፍ ካለች በኋላ ነው ሳህኗን ያመጧት፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው የወሰዷት።»

«ሁለት ሰዓት አካባቢ ማለት ነው» አለች ዳሲል። «ቴልሞ በሩን ከወጣ አርባ ደቂቃ ሆኖታል።»

ሻምበል ኪንታና ሰዓቱን ማየቱን አቆመ።

«እንግዲህ ሁለት ሰው ቀረ» አለች። «አሥሩ ደቂቃ ለምን አስፈለገ? ገዳዩ ከሬሳው ኪስ ደብተር ፈልጎ ለማውጣት፣ የተጻፈበትን ለማረጋገጥ። ከዚያ ክዳኑ ሲጨስ አየ። ወደ መቆጣጠሪያው ሲሮጥ በሳህኗ ፊት አለፈ፤ ቀና ብሎም አያት። ዶክተር ቤንቬኑቲ፣ መስታወቶቹ ምን ዓይነት ብርሃን ነው የሚወዱት?»

«ሰማያዊውንና ከሰማያዊው ወዲያ ያለውን፣ ዓይን የማያየውን። ቆዳ የሚያቃጥለውን።»

«በያጅ ዓይኑን የሚያቃጥለውንም። ያኔውኑ አያምም። ስድስት ሰባት ሰዓት ቆይቶ ነው አሸዋ እንደገባ የሚሆነው። ዶክተር ክሌስ ጠዋት በአራት ሰዓት ያለ መነጽር ደቃቅ ጽሑፍ ያነቡ ነበር። ከሰዓት በኋላ መጋረጃ አዘጉ።»

«ጓደኛዬ ሞቶ ነው ያለቀስኩት!»

«ሰው ሲያለቅስ ብርሃን አይወጋውም። መነጽሩን ያውልቁና ወደ ሰማዩ ይዩ።»

ክሌስ እጁን ወደ መነጽሩ አነሣ። አነሣና መልሶ አወረደው። በዚህ ጊዜ አንድ ፖሊስ ከመኝታ ቤቶቹ በኩል መጣ፤ በእጁ አረንጓዴ ደብተር ይዟል።

«ከዶክተር ክሌስ ትራስ ልብስ ውስጥ ነው፣ ሳጅን።»

ኦርሶላ ደብተሩን ተቀብላ ገለጠችው። ገጽ በገጽ ቁጥር ነው። ፊቷ ቀስ በቀስ ጠቆረ። «ክንዶቹ ይጎብጣሉ» አለች። «ሳህኗ ቀና ባለች ቁጥር አራት ሴንቲ ሜትር። አንተ ለኮሚቴው አንድ ነው ያልከው። እኔ እኮ ብዥታውን ከካሜራዬ መስሎኝ ዓመት ሙሉ ስፈልግ ነበር፣ ዲትማር! አራት ሳህን በዚህ ብረት ልታሠራ ነበር?»

«አስተካክለው ነበር» አለ ክሌስ። ድምፁ አሁንም ዝቅ ያለ ነው። «ሁለተኛውን ሳህን ስንሠራ አስተካክለው ነበር። አንድ ዓመት ብቻ ስጠኝ አልኩት። ቁጥር አይጠብቅም አለኝ።»

«ደብተሩን ለምን አላቃጠልከውም?» አለው ሻምበሉ፣ እንደ እውነት ገርሞት። «ሌላ ማስረጃ እኮ አልነበረንም።»

ክሌስ በተዘጉ ዓይኖቹ ወደ ድምፁ ዞረ። «የዘጠኝ ዓመት ልኬት ነው» አለ። «እንዲህ ዓይነት ነገር አይቃጠልም።»

ዶኛ ኤውፌሚያ ተነሥተው ወንበራቸውን ይዘው ሄዱ፤ ወደ ኋላ አልተመለከቱም።

አንድ ሰዓት ላይ ጀልባዋ ክሌስን ይዛ ተነሣች። ዳሲል የቴልሞን ካቴና በገዛ እጇ ፈታች፤ ወደ መንደሩም በራሷ መኪና ይዛው ወረደች። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው። ደመናው ውስጥ ሲገቡ መብራት አበራች። ቴልሞ የእጁን አንጓ ያሻሽ ነበር።

«ዳሲል።»

«ምን?»

«ጠዋት እጄን ስታስሪኝ፣ እንዳልገደልኩት ታውቂ ነበር?»

አዎ ማለት ትችል ነበር። ቃሉ አንድ ነው፣ ምንም አያስወጣም።

«አላውቅም ነበር» አለች። «ማማው ላይ እስክወጣ ድረስ አንተ ነህ ብዬ ነበር።»

ቴልሞ ራሱን ነቀነቀ። አልተቆጣም። ትንሽ ሄደው፣ «እዚህ ጋ አቁሚልኝ» አለ።

«ቴልሞ፣ ሩቅ ነው እኮ።»

«አቁሚልኝ።»

አቆመች። ወረደ፣ በሩን ሳያጋጭ በቀስታ ዘጋው፣ ኮሌታውን ወደ ላይ ገለበጠና በደመናው ውስጥ ቁልቁል መሄድ ጀመረ። ዳሲል ሞተሩን ሳታጠፋ ተቀመጠች። መንደሩ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነበር፤ መብራቷን እንዳበራች ከኋላው ተከተለችው፣ ልትቀድመው እንደማትችል ሁሉ ቀስ እያለች፣ እስከ ቤቱ በር ድረስ። አንድ ጊዜም አልዞረም።